ከዋንጫው የከበደው በደል

የጥቁር አሜሪካዊው የመኪና ተወዳዳሪ የዌንዴል ስኮት ስም በተነሳ ቁጥር አብሮ የሚነሳው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 1963 ነው። በዚያ ቀን በፍሎሪዳዋ ጃክሰንቪል፣ ግማሽ ማይል በሚሆን የአፈር መም ላይ፣ የአሜሪካው የመኪና ውድድር ድርጅት የናስካር ከፍተኛው እርከን የ200 ዙር ውድድር ተካሄደ። ስኮት 25 ዙር ያህል ሲቀር ሪቻርድ ፔቲን አልፎ መሪነቱን ያዘ፤ አሸናፊ ተብሎ ዋንጫውን የተቀበለው ግን ነጩ ባክ ቤከር ነበር። ሰዓታት አልፈው ተመልካቹ ከተበተነ በኋላ ዳኞቹ ስኮት በሁለት ዙር ቀድሞ እንደነበር አመኑና የሽልማቱን ገንዘብ ሰጡት። ዋንጫውን ሳያይ በ1990 አረፈ፤ ናስካር ለቤተሰቡ ያስረከበው በ2021 ነው። ታሪኩ እውነት ነው፣ ያንገበግባልም። ሆኖም የስኮትን ሕይወት በዚህ አንድ ምሽት መዝኖ መተው የተፈጸመበትን በደል ማሳነስ ይመስለኛል። ዋንጫ ዘግይቶም ቢሆን ይመለሳል፤ አንድ ጎበዝ አሽከርካሪ በጉልበቱና በብቃቱ ዘመን የተነፈገውን ፈጣን መኪና ግን ማንም ሊመልስለት አይችልም።

ስኮት በ1921 በቨርጂኒያ ግዛት ዳንቪል ከተማ ተወለደ። መካኒክነትን የተማረው ከአባቱ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም በአሜሪካ ጦር ውስጥ አውሮፓ ዘምቶ ተሽከርካሪ ይጠግን ነበር። ሲመለስ ጋራዥ ከፈተ፤ ማታ ማታ ደግሞ በድብቅ የሚወጣ፣ ቀረጥ ያልተከፈለበት ውስኪ ያመላልስ ጀመር። በዚያ ዘመን በደቡባዊ የአሜሪካ ግዛቶች ይህ ሥራ የነጭም የጥቁርም የመንዳት ትምህርት ቤት ነበር። በ1949 ቻርሎት ላይ በተካሄደው የእርከኑ የመጀመሪያ ውድድር አንደኛ የገባው ግሌን ደናዌይ የተሰረዘው መኪናው ውስኪ ለመጫን እንዲመች ሞላው ተቀይሮ ስለተገኘ ነው። በ1952 የዳንቪል አካባቢ የውድድር አዘጋጆች ተመልካች ለመሳብ ጥቁር አሽከርካሪ ሲፈልጉ ፖሊስን ጠየቁ፤ ፖሊሶቹም በውስኪ ሲያሳድዱት የኖሩትን ስኮትን ጠቆሙ። ችሎታውን ከማንም በፊት የመሰከሩለት አሳዳጆቹ ናቸው ማለት ነው። ጁኒየር ጆንሰን የሚባለው ነጭ አሽከርካሪም በዚሁ የውስኪ ጣጣ ታስሮ ነበር፤ ከእስር ሲወጣ ግን ጠንካራ መኪና ያላቸው ባለሀብቶች ተቀበሉት፣ 50 ውድድሮችንም አሸነፈ። ከአንድ ትምህርት ቤት የወጡት የሁለቱ ሰዎች መንገድ የተለያየው እዚህ ላይ ነው።

ናስካር የሚያወዳድረው ስቶክ ካር በመልኩ ገበያ ላይ የሚሸጥ መኪና ይመስላል፤ በ1960ዎቹ ግን ፎርድና ክራይስለር ለሞተሩና ለቡድኑ የሚያፈሱት ገንዘብ ብዙውን ውድድር ገና ሳይጀመር ይወስነው ነበር። በ1967 ሪቻርድ ፔቲ በክራይስለር ምርት በፕሊመዝ መኪናው 27 ውድድር ሲያሸንፍ ከኋላው የፋብሪካ ድጋፍ ነበረው። ስኮት ሌሎች የነዱትን መኪና ይገዛ ነበር፤ ጃክሰንቪል ላይ ያሸነፈበት ሸቭሮሌም ቀድሞ የአሽከርካሪው የነድ ጃሬት ነበር። ባለቤቱ እሱ፣ መካኒኩ እሱ፣ አሽከርካሪው እሱ፤ ረዳቶቹ ልጆቹ። በዚህ አቅም 495 ጊዜ ተወዳድሮ 147 ጊዜ ከአንደኛ እስከ አሥረኛ ባለው ደረጃ ውስጥ ገባ። በ1966 በዓመቱ ነጥብ ስድስተኛ ወጣ፣ እስከ 1969 ድረስም ከአሥሩ አልወጣም። ነጥቡ በብዛት ለቀረበ ያደላ ነበር የሚል ሰው አይጠፋም፤ እውነት አለው። ነገር ግን አሮጌ መኪና ጠግኖ፣ ከከተማ ከተማ ጎትቶ፣ ጥቁር ሰው የማያሳድሩ ሆቴሎች ባሉበት አገር በየሳምንቱ መቅረብ ራሱ ትልቅ ብቃት ነው። ከሱ በፊት በ1955 ኢላያስ ቦዊ፣ በ1956 ቻርሊ ስኮት የሚባሉ ጥቁሮች አንድ አንድ ጊዜ ተወዳድረዋል፤ የቆየው ግን ዌንዴል ነው።

ጃክሰንቪል ላይ የሆነው በደል ነው በሚለው ላይ የሚነሳው ከሁሉ የሚጠነክር ተቃውሞ ያኔ ዙር የሚቆጠረው በእጅ ስለነበር ስህተት በነጮቹም ላይ ይደርስ ነበር የሚለው ነው። ይደርስ ነበር፤ በ1959 በዴይቶና መጀመሪያ አሸናፊ የተባለው ጆኒ ቦሻም ነበር፣ ከሦስት ቀን በኋላ ፎቶና ፊልም ተመርምሮ ድሉ ለሊ ፔቲ ተሰጠ። ያ ምሳሌ ግን ክርክሩን ያፈርሰዋል። ዴይቶና ላይ ልዩነቱ ዓይን የሚያሳስት ጥቂት ጫማ ነበር፣ ዋንጫውም ለባለቤቱ ደረሰ፤ ጃክሰንቪል ላይ ሁለት ሙሉ ዙር ነበር። ስኮት ራሱ፣ ዋንጫ የምታስረክበውን ነጭ ቆንጆ በሺዎች ፊት እንዳይስም ተፈርቶ ነው ብሎ ያምን ነበር። መኪና ያጡ ነጭ የግል ተወዳዳሪዎችም ነበሩ የሚለውም አይካድም። ነገር ግን ከነሱ መካከል ውድድር ያሸነፈ ሰው ስልኩ ይደወልለታል ብሎ ተስፋ ማድረግ ይችል ነበር። ስኮት አሸነፈ፤ ቋሚ አሽከርካሪ አድርጎ የቀጠረው የፋብሪካ ቡድን ግን አልመጣም። በ1973 ታላዴጋ ላይ ብዙ መኪኖች በተላተሙበት አደጋ ክፉኛ እስኪጎዳ ድረስ በአብዛኛው የነዳው የራሱን ነበር።

ናስካር በ2015 ስሙን በዝነኞች አዳራሹ አስፍሯል፤ ተገቢ ነው። ክብሩ ግን በሙዚየም ግድግዳ ላይ ብቻ እንዳይቀር የሚያስገነዝብ አንድ ሐቅ አለ። በዚህ እርከን ሁለተኛው ጥቁር አሸናፊ የተገኘው ከስኮት ድል 58 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በኦክቶበር 2021፣ በዚያው በታላዴጋ ነው። ያሸነፈው ቡባ ዋላስ የነዳው የቅርጫት ኳሱ ዝነኛ ማይክል ጆርዳን በባለቤትነት የሚጋራው ቡድን ያዘጋጀለትን ቶዮታ ነበር።