የጠመንጃ ተኩስ ትምህርት በአሜሪካ

የአሜሪካ ገበሬ ከእናቱ ማኅፀን አልሞ ተኳሽ ሆኖ ይወጣል የሚለው ተረት አገሩ ውስጥ ዛሬም ይነገራል። እ.ኤ.አ. ከ1861 እስከ 1865 የተካሄደው የእርስ በርስ ጦርነት ግን ሌላ ነገር አሳየ። ስፕሪንግፊልድና ኤንፊልድ የተባሉት የጊዜው ጠመንጃዎች በርሜላቸው ውስጥ ጥምዝ ቦይ ስለነበራቸው ከ300 ሜትር በላይ መምታት ይችሉ ነበር። የጥይታቸው ጉዞ ግን የጎበጠ ስለነበር፣ ርቀቱን በትክክል ያልገመተ ተኳሽ ወይ ከጠላቱ ራስ በላይ ወይ ከእግሩ ሥር ይሰደዋል። ይህን የሚያስተምር አልነበረም፤ ብዙ ክፍለ ጦሮች አንድም ቀን ዒላማ ላይ ሳይተኩሱ ዘምተዋል። በ1863 ከጌቲስበርግ ውጊያ በኋላ ከሜዳው 27 ሺህ ያህል ጠመንጃ ተለቅሞ ሲመረመር፣ 24 ሺህ ያህሉ ጥይት እንደጎረሰ ተገኘ። ከእነዚህም ግማሽ ያህሉ ሁለት ጥይት ተደራርቦባቸው ነበር። ባለቤቶቻቸው በድንጋጤ የመጀመሪያውን ሳይተኩሱ ሌላ አጉርሰዋል ማለት ነው።

ትምህርቱ በወረቀት ላይ ግን ነበር። ሄንሪ ሄዝ የተባለ መኮንን ከፈረንሳዮች ወስዶ ያዘጋጀው የተኩስ መመሪያ በ1858 ታትሞ ነበር። ጀማሪው በመጀመሪያ ጥይት አይሰጠውም። ከአፈሙዙ አንድ ሜትር ግድም ራቅ ብሎ ሻማ ይበራለታል፤ ጠመንጃው ላይ የማቀጣጠያ ቆብ ብቻ ይደረጋል። ተማሪው ደግኖ፣ አነጣጥሮ፣ ምላጩን ሲስብ ከአፈሙዙ የሚወጣው ትንፋሽ ነበልባሉን ካጠፋው አነጣጠሩ ልክ ነው። ሻማው መብራቱን ከቀጠለ እጁ ተንቀጥቅጧል ወይም ምላጩን በድንገት መንጭቆታል። ወጪው የሻማና የቆብ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ሠራዊቱ ይህን እንኳ በሰፊው ሳይሠራበት ጦርነቱ መጣ።

ትምህርቱን ከወረቀት ወደ ሜዳ ያወረዱት ሁለት ሰዎች ናቸው። ዊልያም ቸርች የወታደራዊ ጋዜጣ አዘጋጅ ነበር፤ ጆርጅ ዊንጌት ደግሞ የኒውዮርክ ጠበቃና የብሔራዊ ዘብ መኮንን። ዓይናቸው ያረፈው እንግሊዞች ላይ ነው። እንግሊዞች በ1853 ሃይዝ ላይ የተኩስ ትምህርት ቤት ከፍተው ነበር። ሁለቱ አሜሪካውያን በኅዳር 1871 ብሔራዊ የጠመንጃ ማኅበርን በኒውዮርክ አቋቋሙ፤ ፕሬዚዳንት አድርገው የሾሙትም የእርስ በርስ ጦርነቱን ጄኔራል አምብሮዝ በርንሳይድን ነበር። ዛሬ በፖለቲካ ሙግት የሚታወቀው ይህ ማኅበር የተወለደው ለብሔራዊ ዘብ አባላት ተኩስ ለማስተማር ነው። በ1873 ሎንግ አይላንድ ውስጥ ክሪድሙር የተባለው የተኩስ ሜዳ ተከፈተ።

ሜዳው ስሙን ያተረፈው በዓመቱ ነው። በእንግሊዝ ውድድር ያሸነፉት አይሪሾች አሜሪካውያንን ለግጥሚያ ጠሩ። በመስከረም 1874 ከየወገኑ ስድስት ተኳሾች በ800፣ በ900 እና በ1000 ያርድ ተፋለሙ። አይሪሾቹ የያዙት በአፈሙዝ የሚጎርስ የሪግቢ ጠመንጃ ነበር፤ አሜሪካውያኑ ደግሞ ከኋላ የሚጎርሱትን ሬሚንግተንና ሻርፕስ። አንድ አይሪሽ የዒላማውን እምብርት መታ፤ ዒላማው ግን የራሱ ስላልነበር ነጥብ ሳያገኝ ቀረ። በመጨረሻ አይሪሾች 931፣ አሜሪካውያን 930 ሆነው አንድ ጥይት ቀረች። ተኳሹን ኮሎኔል ጆን ቦዲንን ትንሽ ቀደም ብሎ የዝንጅብል ቢራ ጠርሙስ ፈንድቶ እጁን ቆርጦት ነበር። በመሐረብ ጠቅልሎ ተኛና እምብርቱን መታ፤ አራት ነጥብ። ከዚያ ወዲህ ተኩስ መማር በአሜሪካ ፋሽን ሆነ።

የሬሚንግተን ስም ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። በጉንደትና በጉራ፣ በ1875 እና በ1876፣ የግብፅ ሠራዊት ታጥቆ የመጣው ሬሚንግተን ነበር። ጉራ ላይ ከግብፆች ጋር የተሰለፉ አሜሪካውያን መኮንኖችም ነበሩ፤ ከእነርሱ ታዋቂው ጄኔራል ዊልያም ሎሪንግ ነው። ድሉ የአፄ ዮሐንስ ጦር ሆነና በሺዎች የሚቆጠር ሬሚንግተን በኢትዮጵያውያን እጅ ገባ።

ክሪድሙር ብዙ አልቆየም። የኒውዮርክ ግዛት ድጋፉን ሲነሳው ውድድሩ በ1892 ወደ ኒው ጀርሲ ተዛወረ፤ በቦታው ላይ ኋላ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ተሠራ። ነገሩን ዳግም ያነሳሳው በ1898 ከስፔን ጋር የተደረገው ጦርነት ነው። ኩባ ውስጥ ስፔኖች ጭስ በሌለው ባሩድ በሚሠራው ማውዘር ሲተኩሱ፣ ብዙዎቹ አሜሪካውያን ፈቃደኞች የያዙት በጥቁር ባሩድ የሚተኩስ አሮጌ ስፕሪንግፊልድ ነበር። በ1903 ኮንግረስ የጠመንጃ ተኩስን በሲቪሉ ዘንድ የሚያስፋፋ ብሔራዊ ቦርድ አቋቋመ፤ ከ1907 ጀምሮም ብሔራዊ ውድድሩ በኤሪ ሐይቅ ዳር፣ ካምፕ ፔሪ ላይ ይደረግ ጀመር። በ1918 በዚያው ስፍራ የተኩስ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ የደረሱ አንዳንድ ተተኪ ወታደሮች ጠመንጃ ማጉረስ እንኳ የማያውቁ ነበሩና፣ ትምህርት ቤቱ የመጣው ዘግይቶ ነው።

የጀማሪው ትምህርት ከዚያ ወዲህ ብዙም አልተለወጠም። ጀማሪው ቆሞ፣ ተቀምጦ ወይም ተንበርክኮ፣ በደረቱም ተኝቶ መተኮስ ይማራል። ማንገቻውን ክንዱ ላይ ጠምጥሞ ጠመንጃውን በጡንቻው ሳይሆን በአጥንቱ ይደግፋል። ትንፋሹን አውጥቶ ለአፍታ ይቆያል፤ ምላጩንም ሳይመነጭቅ ቀስ እያለ ይጫናል። የሚያስቸግረው ድንጋጤው ነው። አሠልጣኙ ተማሪው ሳያይ ከእውነተኞቹ ጥይቶች መሃል ባሩድ የሌለው ሐሰተኛ ጥይት ያጎርስለታል። ምላጩ ተስቦ ሳይፈነዳ ሲቀር፣ ድምፁን ፈርቶ የሚደነግጥ ተማሪ አፈሙዙ ወደ ታች ሲደፋ ይታያል። ይህን በዓይኑ ያየ ተማሪ ሌላ ስብከት አያስፈልገውም።

መንግሥት ለክበቦች አሮጌ ጠመንጃ በርካሽ እየሸጠ ይህን ትምህርት ለአሥርት ዓመታት ደግፏል። የጠመንጃ ሽያጭ ግን ኋላ የሕግ ጉዳይ ሆነ፤ በ1963 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የተገደሉት በፖስታ በታዘዘ የጣሊያን ጠመንጃ ነበር፤ በ1968 የወጣው ሕግም በግዛቶች መካከል በፖስታ የሚደረገውን የጠመንጃ ንግድ ዘጋ። በ1979 ፍርድ ቤት ከመንግሥት ጠመንጃ ለመግዛት የብሔራዊ ጠመንጃ ማኅበር አባል መሆን ግዴታ አይደለም ሲል ወሰነ። በ1996 ደግሞ ኮንግረስ ፕሮግራሙን ከሠራዊቱ አላቅቆ ራሱን ለቻለ፣ ትርፍ ለማያካፍል ድርጅት ሰጠው።

ዛሬ ለጀማሪ በጣም ከሚታወቁት ኮርሶች አንዱ ፕሮጀክት አፕልሲድ ነው። ቅዳሜና እሑድ ይካሄዳል፤ ርቀቱ 25 ሜትር ብቻ ሲሆን ብዙዎቹ ርካሽና ብዙም የማይገፋ ባለ .22 ካሊበር ጠመንጃ ይዘው ይመጣሉ። ዒላማዎቹ እስከ 400 ያርድ ያለውን ርቀት እንዲመስሉ ተደርገው አንሰዋል። ፈተናው 40 ጥይት ነው፤ ከ250 ነጥብ 210 ያገኘ የአልሞ ተኳሽነት ምልክት ይሸለማል። በእረፍት ሰዓት አሠልጣኞቹ ሚያዝያ 19 ቀን 1775 በሌክሲንግተንና በኮንኮርድ የተደረገውን ውጊያ ይተርካሉ። በትረካው ውስጥ የድሮው ተረት ይሰማል። በዚያ ቀን ግን አብዛኛው ሚሊሻ የያዘው በርሜሉ ልሙጥ የሆነ ሙስኬት ነበር፤ እንግሊዞች በሞት፣ በመቁሰልና በመጥፋት ያጡት 273 ሰው ሲሆን፣ ለዚህ ቁጥር ከአልሞ ተኳሽነት ይልቅ የሚሊሻው ብዛትና ቀኑን ሙሉ የዘለቀው ተኩስ ይበልጥ ምክንያት ናቸው።