ከድንጋዩ በታች፣ ከድንጋዩ በላይ

በሰሜን ፈረንሳይ «ፓሪስ–ሩቤ» የሚሉት የብስክሌት ውድድር በ1896 ተጀመረ (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1919፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት፣ በመድፍ የታረሰውን አገር ያዩ ጋዜጠኞች «የሰሜኑ ሲኦል» አሉት። ስሙ እስከ ዛሬ አልለቀቀውም።

በ1960ዎቹ ግን አስፋልት በየመንደሩ እየገባ ጥርብ ድንጋዩን ሸፈነው። የውድድሩ አዘጋጆች ሻካራ መንገድ ፍለጋ ወጡ። በአረንበርግ ጫካ መካከል የሚያልፈውን የድንጋይ መንገድ የጠቆማቸው ዣን ስታብሊንስኪ ነበር፤ የፖላንድ ስደተኞች ልጅ፣ የ1962 የዓለም ሻምፒዮን። አባቱን በልጅነቱ አጥቶ፣ ገና ጎረምሳ ሳለ በዚያው በአረንበርግ የከሰል ጉድጓድ ሠርቷል። በ1968 ውድድሩ ጫካውን አቋርጦ አለፈ።

እኔም ከባንክ ሥራዬ መልስ የሰፈሬን ኮብልስቶን በኮርሳ ብስክሌት አዘውትሬ እመላለስበታለሁ። መሪውን አጥብቄ ስጨብጥ ንዝረቱ ጥርሴ ድረስ ይዘልቃል፤ ላላ ሳደርገው ብስክሌቱ ራሱ መንገዱን ያገኛል። ደስ ይለኛል። ይሁንና ይህ የመንገደኛ ደስታ ነው፤ በዚያው ድንጋይ ላይ ጋሪ የሚገፋ ጎረቤቴ አስፋልት ቢመኝ አልፈርድበትም።

አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ የውድድሩ ወዳጆች የተናጋውን ድንጋይ እየነቀሉ መልሰው ይተክላሉ። ከ1977 ወዲህ ለአሸናፊው የሚሰጠው ሽልማትም ጥርብ ድንጋይ ነው። የከሰሉ ጉድጓድ ግን በ1989 ተዘጋ። እኛ የምናደንቀው የድንጋዩን ፊት ነው። ለስታብሊንስኪ ያ መንገድ የጉርምስናው ጣሪያ ነበር፤ ከላዩ ሊጋልብበት የወደደው ከሥሩ ስለ ወጣ ይመስለኛል።