ምድር በክንድ ስትለካ፦ የደጋን ቁልቁለትና የሰሌዳዎች ጉዞ

ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በደጋን ከተማ በኩል ወደ ባቲ የሚወርደው መንገድ ለብዙ ዘመን የወሎን ደጋ ከአፋር ቆላ ሲያገናኝ የኖረ የነጋዴ መተላለፊያ ሲሆን፣ በሥነ ምድር ሊቃውንት ዘንድ ደግሞ የአንድ ሰሌዳ ጠርዝ ነው። ሰሌዳ የሚባለው የምድር ቅርፊት ከተከፋፈለባቸውና ቀስ እያሉ ከሚጓዙት ግዙፍ የአለት ዝርጋታዎች አንዱ ሲሆን፣ የኑቢያ፣ የሶማሊያና የዓረቢያ ሰሌዳዎች እርስ በርስ የሚለያዩት አፋር ላይ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰው የወሎ ደጋ ባዛልት ደረጃ በደረጃ እየተሰበረ ወደ ምሥራቅ የወረደው በዚሁ መለያየት ነው፤ ኮምቦልቻ ያለችበት የቦርከና ሸለቆም በስብራቶች መካከል መሬቱ ዝቅ ብሎ የተፈጠረ ነው።

ጠርዙ ገና እንዳልተኛ የታየው በ1953 ዓ.ም. ነበር። በግንቦት ወር ከኮምቦልቻ በስተደቡብ በካራ ቆሬ አካባቢ በጀመረው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴ ፈረሰች፣ ከካራ ቆሬ ቤቶችም ግማሽ ያህሉ ተናዱ፣ ወደ ደሴ የሚያልፈው አውራ ጎዳናም በናዳና በስንጥቅ ተጎዳ። ይህን ጥፋት በዝርዝር የመዘገቡት የአዲስ አበባውን የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የመሠረቱት ኢየሱሳዊው ካህን ፒየር ጉዊን ነበሩ። ይሁን እንጂ የመንቀጥቀጥ መመዝገቢያ መሣሪያ ምድር ስትናወጥ ይጽፋል እንጂ በጸጥታዋ ጊዜ የምትሄደውን አይናገርም።

ያንን ዝምተኛ ጉዞ ለመያዝ የመጀመሪያው ብርቱ ሙከራ የተደረገው በዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ፖል ሞር የብርሃን ጨረር ከሸለቆው ማዶ ወዳለ መስተዋት ልኮ በመመለስ ርቀትን የሚለካ መሣሪያ ይዞ ሥራውን ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹም ላእከ ማርያም አስፋውና ባልደረቦቹ ሞር የለካባቸውን ምልክቶች በጂፒኤስ ሳተላይቶች ዳግም ለኩ። ምልክቱ ሲያዩት ኢምንት ነው፦ በጠንካራ አለት ውስጥ የተቀበረ የብረት ችንካር ሲሆን፣ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ በላዩ ተተክሎ አንቴናው ልክ ከነጥቡ አናት ላይ እንዲውል ይደረጋል። 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከሚዞሩት ሳተላይቶች የሚመጣው ሞገድ የፈጀው ጊዜ ለቀናት ተመዝግቦ የነጥቡ ቦታ በሚሊ ሜትር ይሰላል። በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት ሞገዱን ስለሚያዘገይ ከፍታው ከአግድሙ ይልቅ አስቸጋሪ ነው። የተገኘው የሸለቆው መስፋት በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ያህል ነበር፤ ይኸውም በመቶ ዓመት አንድ ክንድ ማለት ነው።

በጃፓንና በቺሊ ጠረፍ ሳተላይት የሚለካው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ በዚያ አንዱ ሰሌዳ ከሌላው ሥር ስለሚገባ፣ የላይኛው ተይዞ እንደ ቀስተኛ ደጋን እየተለመጠ ይቆይና በድንገት ይስፈነጠራል። እ.ኤ.አ. በ2011 የጃፓን የኦሺካ ልሳነ ምድር በአንድ ነውጥ 5.3 ሜትር ወደ ምሥራቅ ሄዷል።

አፋርም ውጥረት ማጠራቀምን ታውቃለች። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ ቅልጥ አለት በ60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ከሥር ሰርጎ ምድሪቱን እስከ 8 ሜትር ከፈታት፤ በዚያ አካባቢ ሰሌዳዎቹ በዓመት ወደ 2 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ስለሚለያዩ፣ ይህ የ400 ዓመት ገደማ ዕዳ በሳምንታት ውስጥ እንደተከፈለ ያህል ነው። የመከፈቱን ስፋት ያሳየው የሳተላይት ራዳር ሲሆን፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የውጭ ተመራማሪዎች በኋላ በአካባቢው የጂፒኤስ ጣቢያዎችን ተከሉ።

ከዚህ አንጻር የደጋን ቁልቁለት የአሁን ድርሻ ትንሽ ነው፤ መለያየቱ በአመዛኙ በምሥራቅ በኩል ወዳለው እሳተ ገሞራማ መሥመር ተሻግሯልና። ነገር ግን በ1953 ዓ.ም. የተናወጠችው ካራ ቆሬም የቆመችው በዚያው ጠርዝ ላይ ነው። የዘገየ ጠርዝ በአንድ ጉዞ አይለካም፤ ልኬቱ ችንካሩን ለልጅ ልጅ ማቆየትን ይጠይቃል። አለቱ ለግንብ ቢፈለጥና ነጥቡ ቢነቀል፣ የተቆጠረው ዓመት ሁሉ ከአንድ ይጀመራል።