አለቃ ሲሻር ቢሮው የማን ነው?

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ የሚያውቀው ተሿሚውንና ተሻሪውን ብቻ ነው። አለቃው በሄደ ማግስት እዚያው ጠረጴዛው ላይ የሚቀረው ሠራተኛስ? ምን ይሰማዋል? ምንስ ያደርጋል? ስለሱ ተረታችን ዝም ይላል። እስቲ ታሪክን እንጠይቅ።

በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 1965 የሐርቫርዱ የሕግ ፕሮፌሰር አርቺባልድ ኮክስ የዋተርጌትን ጉዳይ እንዲመረምር ልዩ ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ተሾመ። ብዙዎቹ ወጣቶች የሆኑ ጠበቆችን ሰብስቦ ሥራ ጀመረ። ፕሬዚዳንት ኒክሰን በቢሮው የተቀዱትን ቴፖች አምጣ ቢባል እምቢ አለ፤ ኮክስም አልለቅ አለ። ቅዳሜ ጥቅምት 10 ቀን 1966 ኒክሰን ኮክስ ይባረር ብሎ አዘዘ። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ኤሊየት ሪቻርድሰን ይኸን ከማደርግ ብሎ ሥራውን ለቀቀ። ምክትሉ ዊልያም ረከልስሃውስም አሻፈረኝ አለ። ትእዛዙን የፈጸመው ሦስተኛው ሰው ሮበርት ቦርክ ነው።

ዋናው ነገር የመጣው ያን ማታ ነው። ዋይት ሐውስ ቢሮው ራሱ ፈርሷል ብሎ አስታወቀ። የኤፍ ቢ አይ ሰዎች ተልከው ቢሮውን ዘጉት። ሠራተኞቹ ዜናውን ሰምተው እየተጣደፉ ቢመጡ ወረቀት ይዞ መውጣት ክልክል ሆኖ ጠበቃቸው። ለወራት የለፉበት ፋይል የማን እንደሆነ እንኳ አልታወቅ አለ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በጅምላ መልቀቅ የክብር መንገድ ይመስላል። ግን ማን ይጠቀማል? ባለቤት ያጣ ፋይል ለአባራሪው ሠርግና ምላሽ ነው። የኮክስ ምክትል ሄንሪ ሩት ሠራተኛውን እንዳይበተን አንድ ላይ ያዘው። በውጭ ደግሞ የሕዝቡ ቁጣ በቴሌግራም ዋሽንግተንን አጥለቀለቃት። ኒክሰን በቀናት ውስጥ ቴፖቹን ለፍርድ ቤት አስረክባለሁ አለ።

ጥቅምት 22 ሊዮን ጃወርስኪ የሚባል የቴክሳስ ጠበቃ በኮክስ ቦታ መሾሙ ተነገረ። ሠራተኞቹ በጥርጣሬ ዐይን አዩት፤ አባራሪው መንግሥት ያመጣው ሰው ነዋ! እሱ ግን ነባሮቹን አልነካም፤ ሥራቸውንም ከእጃቸው አልነጠቀም። እኛ አገር የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ በወደቀበት ሰሞን፣ የካቲት 22፣ ሰባት የኒክሰን የቅርብ ሰዎች ተከሰሱ። ሐምሌ 17 ቀን የአሜሪካ ከፍተኛው ፍርድ ቤት 8 ለ0 በሆነ ድምፅ ቴፖቹ ይሰጡ ብሎ በየነ። ነሐሴ 3 ቀን ኒክሰን ሥልጣኑን ለቀቀ። ይኸ ሁሉ የሆነው በአንድ ዓመት፣ በ1966 ውስጥ ነው።

እነዚያ ሠራተኞች ኮክስን ይወዱት ነበር። ፍቅር ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን ተከትለውት በወጡ፣ ታሪኩም እዚያው ባበቃ ነበር። ሐዘናቸውን ችለው እንዲሠሩ ያደረጋቸው ጅምሩ ሥራ በእጃቸው መኖሩ ነው። መዝገቡ አለቃ ቢለዋወጥም ያው መዝገብ ነው፤ አዲሱንም አለቃ ወደ ኮክስ መንገድ የመለሰው እሱ ነው።

ነገ ተመርቀን በየመሥሪያ ቤቱ የምንገባ ሁላችን አለቃ ሲሻር ማየታችን አይቀርም። ያን ጊዜ «አንተ የማን ሰው ነህ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። የሥራው ነኝ ብሎ ለመመለስ አፍ ብቻ አይበቃም፤ ከሽረቱ በፊት በደንብ የተያዘ መዝገብ ያስፈልጋል።