ግንፍሌ የሚለው ስም

የከተማ ታሪክ የሚጻፈው በነገሥታቱና በሐውልቶቹ ብቻ አይደለም፤ የሠፈር ስምም መዝገብ ነው። ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ስንወርድ የምንሻገረው ወንዝ «ግንፍሌ» ይባላል። «ገነፈለ» የሚለውን ግስ የሚያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ይህን ስም ሲሰማ፣ ሞልቶ ከአፉ የሚፈስ ድስት በዓይኑ ይመጣበታል። ወደ ምሥራቅ ዘልቀን ሾላና ጉርድ ሾላ ብንደርስ ደግሞ ስማቸው የወንዝ ዳር የሚወድ ዛፍ ስም ነው። ቡልቡላም ሠፈር ከመሆኑ በፊት ወንዝ ነበረ። ዛሬ አስፋልት የለበሰው መሬት የውሃ አገር እንደነበረ ስሞቹ ይመሰክራሉ።

ምድሩም ያንኑ ይመሰክራል። የእንጦጦ ራስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ የቦሌ አየር ማረፊያ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በዓመት የሚወርደው 1,200 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይዘንባል። ታዲያ ከተራራው የተነሣው ውሃ ወደ አቃቂ ለመድረስ በማን ደጅ ይለፍ?

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መኳንንቱ የሠፈሩት በየጉብታው ላይ ነበር፤ በሠፈርና በሠፈር መካከል ያለው ሸለቆ ለወንዙ ይተው ነበር። በ1950ዎቹ አውሮፕላን ማረፊያው ከልደታ ወደ ቦሌ ሲዛወር እንኳ ዙሪያው በአመዛኙ እርሻና የግጦሽ ሜዳ ነበር። ያ መስክ ክረምቱን እየጠጣ የቀረውን በዝግታ ይለቅ ነበር። ከ1990ዎቹ ወዲህ ግን የቤት ማኅበራት፣ ሪል እስቴትና ኮንዶሚኒየም ከገርጂ እስከ ሰሚትና አያት ተዘረጉ። ያው ዝናብ ዛሬ በቆርቆሮ፣ በሲሚንቶና በአስፋልት ላይ ይወርዳል፤ የሚሰርግበት አፈር ስላጣ ባንድ ጊዜ ተሰብስቦ ይሮጣል። የሚቀበለው ቦይ ደግሞ በፌስታልና በግንባታ ትርፍራፊ ታንቆ ይጠብቀዋል።

«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይላሉ አበው። የዚህን አባባል እውነትነት ድሬዳዋ በመራራ ዋጋ አይታዋለች። ደቻቱ በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይነግድበታል፣ ይሻገርበታል፣ በዳሩም ይኖራል። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ለ30 አጥቢያ፣ ሰው በተኛበት፣ ከደጋው የወረደ ደራሽ ውሃ ከ250 በላይ ነፍስ ወሰደ። ከዚያ በኋላ በወንዙ ዳር ግንብ ተገነባ። ግንቡ ግን የተሠራው ከቀብሩ በኋላ ነው።

በአዲስ አበባም ነሐሴ 11 ቀን 2013 ዓ.ም. የጣለው ከባድ ዝናብ ባስከተለው ጎርፍ የሰባት ሰዎች ሕይወት አልፏል። ይህ የሆነው ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት የታቀደው ፕሮጀክት በየካቲት 2011 ዓ.ም. ይፋ ከሆነ ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ነው። ወንዝ ዳርን ማስዋብ መልካም ነው፤ ነገር ግን የመናፈሻው አበባ ብቻውን ሕይወት አያድንም። ሕይወት የሚያድነው ውሃው ሲሞላ የሚተኛበት ባዶ መሬት፣ ሰኔ ሳይገባ የተጠረገ ቦይና ለአፋፉ ነዋሪ የተሰጠ ሌላ መጠጊያ ነው።

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ቤት ለብድር ዋስትና ሲቀርብ ካርታው ይታያል፣ ስፋቱ ይለካል፣ ግምቱ ይሰላል። «በዚህ ቦታ ክረምት ውሃ ያልፋል ወይ?» የሚል ጥያቄ ግን በእጄ ባለፉት ቅጾች ላይ አላነበብሁም። ባለ ካርታው የሚያጣው ንብረት ቢያንስ በወረቀት ተመዝግቧል። ካርታም ብድርም የሌላት፣ በወንዙ አፋፍ ላይ በላስቲክና በቆርቆሮ የተጠለለች እናት ግን በማንም መዝገብ ላይ የለችም፤ ጎርፉ ሲመጣ አስቀድሞ የሚያገኘው እርሷን ነው።

አባቶቻችን የዝናብ መለኪያ አልነበራቸውም፤ ያዩትን ግን በስም አስቀምጠውልናል። ወንዙን ግንፍሌ ብሎ የጠራ ሰው በዳሩ ለሚሠፍር ሁሉ ማስጠንቀቂያ ትቶ አልፏል። እኛ ስሙን በየዕለቱ በታክሲ እንጠራዋለን፤ የሚለውን ግን አንሰማም። በወንዝ ዳር ፈቃድ የሚሰጥ፣ ካርታ የሚስልና ብድር የሚያጸድቅ ሁሉ መሐንዲሱን ከመጥራቱ በፊት የሠፈሩን ስም ቢጠይቅ፣ ሽማግሌዎቹንም ውሃው በክረምት እስከ የት እንደሚደርስ ቢያማክር፣ ከቀብር በኋላ ከሚሠራ ግንብ ይበልጥ ይጠቅመናል።