የሚሊዮን ሰው ቀለብ

ጾመ ነነዌን የሚጾም ሰው ስለ ነነዌ ትልቅነት ከልጅነቱ ጀምሮ እየሰማ ያደገ ነው። የሦስት ቀን መንገድ የምታስኬድ ከተማ እንደ ነበረች፣ ከመቶ ሃያ ሺህ በላይ ሰው እንደ ኖረባትም ትንቢተ ዮናስ ይነግረናል። ፍርስራሿ ዛሬ በኢራቅ፣ ከጥንቱ የሞሱል ከተማ ማዶ በጤግሮስ ወንዝ ምሥራቃዊ ዳር ይታያል። የቅጥሯ ዙሪያ 12 ኪሎ ሜትር ነው። በአሦሩ ንጉሥ በሰናክሬም ዘመን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ700 ገደማ፣ እርሷን የሚያህሉ የዓለም ከተሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከቅጥሩ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ከከተማዋ ርቆ፣ በገጠር የቀረው ሥራ ነው። ሰናክሬም ከሰሜን ተራሮች ውሃ ለመጥለፍ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ቦይ አስቆፍሯል። ጄርዋን በምትባል ቦታ ቦዩ ሸለቆ ስለ ገጠመው ከሁለት ሚሊዮን በላይ የተጠረበ ድንጋይ የገባበት፣ 280 ሜትር ርዝመት ያለው የውሃ ድልድይ አሠርቶ አሻገረው። ነነዌን ነነዌ ያደረጋት ይህ ነው። በ612 ዓመተ ዓለም ሜዶንና ባቢሎናውያን ተባብረው አፈረሷት፤ ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ የግሪኩ ወታደርና ጸሐፊ ዜኖፎን ከሠራዊቱ ጋር በፍርስራሿ አጠገብ ሲያልፍ ከተማዋ የማን እንደ ነበረች በትክክል የሚነግረው ሰው እንኳ አላገኘም።

ስለ ጥንት ታላላቅ ከተሞች ስናወራ ነገሥታቱን፣ ቤተ መንግሥቱንና ጦርነቱን እናስቀድማለን። መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ግን ሌላ ይመስለኛል፤ ያን ሁሉ ሰው ማን ቀለበው? ባቡርና መኪና በሌለበት ዘመን አንድ ሚሊዮን ሰው የዕለት ዳቦውንና ውሃውን ከየት ያገኝ ነበር? መልሱ ሲገኝ የከተሞቹ አወዳደቅም አብሮ ይገለጣል።

ለዚህ ከሮም የተሻለ ምስክር የለም። በአውግስጦስ ቄሣር ዘመን የሕዝቧ ቁጥር አንድ ሚሊዮን ገደማ እንደ ደረሰ ብዙዎቹ የታሪክ ሰዎች ይገምታሉ። በዙሪያዋ ያለው እርሻ ይህን ሕዝብ አይችለውም። ስለዚህ ስንዴው ከሲሲሊ፣ ከዛሬዋ ቱኒዚያ አካባቢና ከግብፅ በመርከብ ይጫን ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ123 ጋይዮስ ግራኩስ ለዜጎች ስንዴ በቅናሽ እንዲሸጥ ሕግ አስወጣ፤ በ58 ክሎዲየስ የተባለው ፖለቲከኛ ጨርሶ በነጻ አደረገው። ዩልዮስ ቄሣር ሥልጣን ሲይዝ መዝገቡ ላይ የተቀበለው 320 ሺህ ተቀላቢ ነበር፤ ወደ 150 ሺህ አወረደው። አውግስጦስ ደግሞ 200 ሺህ ላይ አረጋው። ለአንዱ ተቀላቢ በወር 33 ኪሎ ያህል ይሰፈርለት ስለ ነበር፣ ለእነዚህ ሰዎች ብቻ በዓመት 80 ሺህ ቶን የሚጠጋ ስንዴ ያስፈልግ ነበር። በገበያ የሚሸጠው ከዚህ ውጭ ነው።

የዚህን ስንዴ መርከብ የኢትዮጵያ አንባቢ ሳያስተውለው ያውቀዋል። ሐዋርያው ጳውሎስ ታስሮ ወደ ሮም ሲወሰድ የተሳፈረባት የእስክንድርያ መርከብ የጫነችው ስንዴ ነበር። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 እንደ ተጻፈው 276 ነፍስ ይዛ በማዕበል ስትናጥ፣ እንድትቀል ብለው ስንዴውን ወደ ባሕር ጣሉት። ከማልታ በኋላ ያሳፈረችውም ሌላ የእስክንድርያ መርከብ ነበረች፤ የወረዱትም ፑቲዮሉስ ላይ፣ የግብፅ ስንዴ ጫኞች በሚራገፉበት ወደብ ነው። የመጀመሪያዋ መርከብ ስትጓዝ ወቅቱ ክረምት መግቢያ ላይ ነበርና ባሕሩ ለጉዞ የሚመች አልነበረም። ቢሆንም ነጋዴው ነፍሱን አስይዞ ይወጣ ነበር፤ ቄሣር ክላውዴዎስ በክረምት ስንዴ ለሚያመጡ ነጋዴዎች መርከባቸው በማዕበል ቢጠፋ ኪሳራውን እንደሚችል ቃል ገብቶላቸው ነበርና።

ስንዴው ደግሞ የበቀለው በናይል ደለል ላይ ነው። ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርዱት ዓባይ፣ ተከዜና ባሮ ከናይል ውሃ ከመቶ 85 ያህሉን ይሰጣሉ፤ ደለሉም ከሞላ ጎደል የእኛው ተራሮች አፈር ነው። የጎጃምና የወሎ ክረምት ሲበረታ ግብፅ ትጠግባለች፣ ሮምም ትጠግባለች። የሮማው ጸሐፊ ፕሊኒ የናይልን ሙላት በክንድ ለክቶ ሲያስረዳ፣ 12 ክንድ ረሃብ እንደሆነ፣ 13 ገና ችጋር እንደሆነ፣ 14 ደስታ፣ 15 መተማመን፣ 16 ደግሞ ተድላ እንደሚያመጣ ጽፏል። ሮማውያን የዚያን ውሃ ምንጭ አያውቁትም ነበር። ኔሮን ምንጩን ፈልገው እንዲያገኙ ወታደሮች ልኮ፣ ሰዎቹ ረግረግ አግዷቸው ተመልሰዋል። በክርስቶስ ልደት ዘመን የዓለም ትልቋ ከተማ ከቀለቧ አንዱን ክፍል ያገኘችው ከሰሜን ኢትዮጵያ ተራሮች በታጠበ አፈር ነው ብል ማጋነን አይሆንም። የሀገራችን የታሪክ መጻሕፍት ይህን አንድ መስመር ቢጨምሩ ደስ ይለኛል።

የሮም ገዢዎች የውሃውን ምንጭ ባያውቁም የስንዴው ጉልበት ገብቷቸው ነበር። አውግስጦስ ግብፅን ለብቻው ያዛት፤ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባላት ያለ ፈቃዱ እግራቸውን እንዳያስገቡባት ከለከለ። በ69 ዓ.ም. ቬስፓስያን ለዙፋኑ ሲታገል ወደ ሮም አልሮጠም፤ እስክንድርያን ያዘ። ስንዴው በእጁ ከሆነ ከተማዋም በእጁ እንደሆነች ያውቃል።

አወዳደቋም በዚሁ መንገድ የመጣ ነው። የጎቶች ንጉሥ አላሪክ በ410 ሮምን ሦስት ቀን ቢዘርፋትም ከተማዋ አገግማለች። ከዚያ አስቀድሞ በ330 ቁስጥንጥንያ ስትመሠረት የግብፅ ስንዴ ወደ አዲሲቱ ዋና ከተማ ዞሮ ነበር፤ በ439 ቫንዳሎች ካርታጎን ሲይዙ የቱኒዚያውም ስንዴ ከእጇ ወጣ። በ537 ከተማዋን የከበቡት ጎቶች የውሃ ድልድዮቿን ሰባበሩ። ዐሥራ አንድ የውሃ መስመር የነበራት ሮም የቲበርን ወንዝ መቅዳት ጀመረች፤ ወፍጮዎቿ ስለ ቆሙም ከተማዋን የሚከላከለው የጦር አዛዥ ቤሊሳርዮስ ወፍጮ በጀልባ ላይ አስተክሎ በወንዙ ኃይል አስፈጨ። በመካከለኛው ዘመን የሕዝቧ ቁጥር ወደ ጥቂት ዐሥር ሺዎች ወርዷል። እንደገና ሚሊዮን የደረሰችው በ1930ዎቹ ነው። ቁስጥንጥንያም ከዚህ ዕጣ አላመለጠችም፤ በ7ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ፋርሶች ግብፅን ሲይዙ የነጻ ዳቦ ዕደላዋ ቀረ።

በዚያው መቶ ዓመት የዓለም ትልቋ ከተማ የመባል ተራው የቻይናዋ ቻንግአን ነበር። በ582 ተቀይሳ የተሠራችው ይህች ከተማ 84 ካሬ ኪሎ ሜትር ትሸፍን ነበር። ከ100 በላይ በቅጥር የታጠሩ ሰፈሮች ነበሯት፤ ሲመሽ ከበሮ ይመታና የየሰፈሩ በር ይዘጋል። በምዕራብ ገበያዋ ፋርሱና ሶግዳዊው ይነግዳል፤ ክርስቲያኖችም በ781 በቻይንኛና በሱርስጥ የተጻፈ ሐውልት አቁመውባታል። ችግሯ አካባቢዋ የሚያመርተው እህል አለመብቃቱ ነበር። ሩዙና ማሽላው ከደቡብና ከምሥራቅ በታላቁ ቦይ እየተጫነ፣ ቢጫ ወንዝ ላይ ያለውን አደገኛ ወራጅ ውሃ መሻገር ነበረበት፤ ብዙ ጀልባም እዚያ ተሰባብሯል። እህል ባነሰ ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ ራሱ ቤተ መንግሥቱን ይዞ በምሥራቅ ወዳለችው ሎያንግ ከተማ ይሰደድ ነበር። ጆንግዞንግ የተባለው ንጉሥ ለእህል ብዬ አልንከራተትም ብሎ እምቢ እንዳለ ተመዝግቧል። በ904 የጦር አበጋዙ ጁ ዌን ንጉሡን አስገድዶ ወደ ምሥራቅ ሲወስድ የቤቶቹን እንጨት አስፈርሶ በወንዝ አንሳፈፈው። አንድ ሚሊዮን ሰው ኖሮባታል የምትባለው ቻንግአን በዚህ ዓይነት ተነቅላ ሄደች።

የባግዳድን ነገር ብዙ ሰው በሞንጎሎች ይደመድመዋል። በ762 ከሊፋው አል መንሱር በጤግሮስ ዳር ክብ አድርጎ የቆረቆራት ከተማ በ1258 በሁላጉ መውደቋ እውነት ነው፤ ጭፍጨፋውም ከባድ ነበር። ሆኖም ጎተራዋ የተሰበረው ከዚያ ሦስት መቶ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። በ937 ኢብን ራኢቅ የተባለው የጦር መሪ የተቀናቃኙን ሠራዊት ለማገድ ብሎ ትልቁን የነህራዋን ቦይ አስጣሰው። ቦዩ ለባግዳድ እህል የሚያበቅለውን ምሥራቃዊ ሜዳ የሚያጠጣ ነበር። ገበሬው ማሳውን ጥሎ ሄደ፤ ግብሩም ቀረ። የዚህ ሰው ስም ከሁላጉ ስም ጋር አብሮ ሊነሣ ይገባል እላለሁ።

ለንደን በ1820ዎቹ ቤጂንግን በልጣ አንደኛ ስትሆን የእህሉ ጥያቄ በእንፋሎት መርከብና በባቡር ወደ መፈታቱ ተቃርቦ ነበር። የቀረው የውሃው ነው። ከዚያ በፊት ባሉት መቶ ዓመታት በለንደን ከሚጠመቀው ይልቅ የሚቀበረው ይበዛ ነበር፤ ቁጥሯን የሚሞላው ከገጠር የሚፈልሰው ወጣት ነው። በ1854 ሐኪሙ ጆን ስኖው በብሮድ ስትሪት ከ600 በላይ ሰው የገደለው ኮሌራ ከአንድ የውሃ ፓምፕ እንደ መጣ አሳየ። ባለሥልጣናቱ ፓምፑን ቢዘጉም የልብ ሥራ የጀመሩት በ1858 የቴምዝ ግማት ምክር ቤቱ ድረስ ሲደርስ ነው። መሐንዲሱ ባዘልጌት የዘረጋው የፍሳሽ መስመር ገና ያልደረሰበት የምሥራቅ ሰፈር በ1866 በኮሌራ ተመታ፤ ከዚያ በኋላ በሽታው ለንደንን ለቀቀ። ከተማዋ በ1900 ገደማ ስድስት ሚሊዮን ተኩል ነፍስ የያዘችው በዚህ ሥራ ላይ ቆማ ነው።

ከለንደን ቀጥሎ ኒው ዮርክ፣ ከኒው ዮርክ ቀጥሎ ቶኪዮ አንደኝነቱን ወሰዱ። የተባበሩት መንግሥታት በ2025 ባወጣው ግምት ቀዳሚዋ 42 ሚሊዮን ሕዝብ የሚጠጋባት ጃካርታ ናት። ጃካርታ ግን እየሰመጠች ነው። የቧንቧ ውሃ ያልደረሰው ሕዝብና ፋብሪካ የከርሰ ምድር ውሃ ስለሚስብ መሬቱ እየተቀመጠ፣ የሰሜን ሰፈሮቿ ከባሕር ወለል በታች ወርደዋል። የኢንዶኔዥያ መንግሥት በ2022 ዋና ከተማውን ወደ ቦርኒዮ ደሴት ለማዛወር ሕግ አውጥቷል። መሥሪያ ቤቶቹ ቢሄዱም ሕዝቡ እዚያው ይቀራል። ቶኪዮም በአንድ ወቅት በዚሁ ምክንያት ስትሰምጥ ነበር፤ ከምሥራቅ ሰፈሮቿ አንዳንዱ ከአራት ሜትር በላይ ወርዷል። በ1956ና በ1962 ጉድጓድ የሚገድቡ ሕጎች ወጡ፣ ለፋብሪካዎቿ ሌላ ውሃ መጣ፤ በ1970ዎቹ መስመጧ በእጅጉ ቀነሰ።