ያየ ሁሉ አይራራም፦ ከመቅደላው ልጅ ፎቶ እስከ እጅ ስልካችን



ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ጎረቤቴ ቡና ልትጠጣ መጣች። አቦሉ ተቀድቶ የልጇን መታመም ትነግረኛለች። እኔ ደግሞ በስልኬ ላይ በሩቅ አገር ቤቱ ተቃጥሎበት የሚያለቅስ ሰው እያየሁ ነበር። ቀና ሳልል «እግዜር ይማርልሽ» አልኳት። ቶናውን ሳትጠብቅ ተነሥታ ሄደች። ልጁ ሐኪም ቤት መግባቱን ማታ ከሌላ ሰው ሰማሁ። ለማላውቀው ሰው እንባዬ መጥቶ ነበር፤ አጠገቤ ለተቀመጠችው ግን ጆሮዬን እንኳ አልሰጠኋትም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ነገር አሳስቦኛል። ስልክ ላይ የምናየው የሰው መከራ ርኅራኄያችንን ይጨምረዋል ወይስ ይቀንሰዋል? መልሱን ስፈልግ የገዛ አገራችን የወሎ ታሪክ ብዙ የሚነግረን ሆኖ አገኘሁት።

በመቅደላ ልጀምር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ በአምባው ላይ ሲሞቱ ልጃቸው ዓለማየሁ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። የእንግሊዝ ጦር ይዞት ሄደ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅም በጉዞው ላይ ዐረፉ። በዚያው ዓመት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለች ዝነኛ ፎቶ አንሺ እንግሊዝ አገር ፎቶ አነሣችው። ፎቶው ዛሬም አለ፤ የልጁ ፊት ኀዘን የተሞላ ነው። ያን ፊት ብዙ ሰው አይቶ አዝኗል። ንግሥት ቪክቶሪያም በልጁ ሞት ማዘናቸውን በማስታወሻቸው ጽፈዋል። ነገር ግን ዓለማየሁ አገሩን ዳግም ሳያይ በ18 ዓመቱ ሞተ፤ የተቀበረውም በዊንዘር ነው። አዘኑለት፣ አገሩ የመለሰው ግን አልነበረም።

ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ የተለየ ነገር ሆነ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ሰው በረሃብ ሲያልቅ መንግሥት ነገሩን ሸፍኖት ነበር። በጥቅምት 1966 ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የወሎን ረሃብ በቴሌቪዥን አሳየ፤ ተመልካቹም ለእርዳታ እጁን ዘረጋ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ያው ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር ተቀላቅሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። በማግሥቱ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን ወረዱ። ከአሥር ዓመት በኋላም እንዲሁ ሆነ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ መሐመድ አሚን በኮረም የቀረጸውን ምስል አስተላለፈ። በሐምሌ 6 ቀን በለንደንና በፊላደልፊያ «ላይቭ ኤይድ» የተባለው የሙዚቃ ዝግጅት ለተራበው ሕዝባችን ገንዘብ ሰበሰበ።

እንግዲህ ምስል በራሱ ክፉ አይደለም። የዓለማየሁ ፎቶ ኀዘን ብቻ ሆኖ ቀረ። የወሎ ፊልም ግን እጅ አስዘረጋ። ልዩነቱ ካዩ በኋላ በተደረገው ላይ ነው።

አሁን ወደ አንጎል ልለፍ። እናቶቻችን «አንጀቴን በላው» ይላሉ። በ2004 እ.ኤ.አ. ታንያ ዚንገርና ባልደረቦቿ ለንደን ውስጥ የ16 ሴቶችን አንጎል በምርመራ መሣሪያ አዩ። አንድ ጊዜ ሴቶቹ ራሳቸው፣ ሌላ ጊዜ አጠገባቸው ያለው የትዳር ወይም የፍቅር ጓደኛቸው መጠነኛ የኤሌክትሪክ ሕመም ይደርስባቸው ነበር። በሁለቱም ጊዜ ኢንሱላ እና ሲንጉሌት የሚባሉት የአንጎል ክፍሎች ይነቃሉ። ኢንሱላ የልብ ምትንና የሆድን ስሜት የሚያዳምጥ ክፍል ነው። እናቶቻችን የሰው ሕመም አንጀት ውስጥ ይሰማል ማለታቸው ትክክል ነበር ማለት ነው።

ኢንተርኔት ኢትዮጵያ የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብላ አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ኪምበርሊ ያንግ «የኢንተርኔት ሱስ» ብላ ለጉባኤ አቅርባ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እስካሁን እንደ በሽታ የመዘገበው በ2019 እ.ኤ.አ. የኮምፒውተር ጨዋታ ሱስን ነው፤ ስለ ኢንተርኔት በጠቅላላው ባለሙያዎች ይከራከራሉ። ሆኖም በ2011 እ.ኤ.አ. በቻይና ሱስ የያዛቸው ወጣቶች ሲመረመሩ ለውጥ ከታየባቸው የአንጎል ቦታዎች አንዱ የሲንጉሌት የፊት ክፍል ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቻይናና ጀርመን ውስጥ በተደረገ ጥናት ኢንተርኔት ላይ ከልክ በላይ የሚቆዩ ሰዎች ርኅራኄያቸው ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ስልኩ ነው ያደነደናቸው ወይስ ድሮም ደንደን ያሉ ሰዎች ናቸው ወደ ስልክ የሚሸሹት? ጥናቱ ይህን አይለይም። ተስፋ የሚሰጥም አለ። በ2014 እ.ኤ.አ. በታተመ የካሊፎርኒያ ጥናት የ11 እና የ12 ዓመት ልጆች አምስት ቀን ያለ ስክሪን በካምፕ ከቆዩ በኋላ የሰውን ስሜት ከፊት ላይ የማንበብ ችሎታቸው ስክሪን ካልተወው ጓደኞቻቸው በላይ ተሻሽሏል።

እኛም ሳንወድ ሞክረነዋል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲዘጋ ቤቴ ውስጥ ሁለት ነገር አየሁ። ልጄ ከስልኳ ቀና ብላ ከአያቷ ጋር ማውራት ጀመረች። በሌላ በኩል ውጭ አገር ያለው ወንድሜ ድምፁ ጠፍቶ እናቴ ሌሊቱን ስትገላበጥ ታድር ነበር። ስለዚህ ስልክ ይጥፋ አልልም። ስልክ የራቀውን ዘመድ ያቀርባል፤ የቀረበውንም ያርቃል።

የአባቶቻችን ሥርዓት ይህን ያወቀ ይመስለኛል። መርዶ ለብቻ አይነገርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ ነው የሚነገረው። ቅሬያችንም ያዘነውን ዐይቶ አያልፍም፤ ድንኳን ይተክላል፣ እንጀራ ያመጣል፣ አብሮ ይቀመጣል። የስልኩ ችግር እዚህ ላይ ነው። አንዱን መከራ አይተን እጃችን ሳይዘረጋ ቀጣዩ ይመጣል። ቀጥሎ ቀልድ፣ ቀጥሎ ማስታወቂያ። አንጀታችን ቢበላም እግራችን አይነሣም።

ለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ በቁጠባ ስብሰባችን ቀን ስልካችንን ሙዳይ ውስጥ እንክተት፤ በረካው እስኪጠጣ አናውጣው። የታመመ ቤት ያለባት እህት ጥሪ ስለምትጠብቅ ስልኳ እጇ ላይ ይሁን። ሁለተኛ፣ በስልክ ያየነው መከራ አንጀታችንን ከበላው ለብቻችን አንያዘው፤ ወደ ስብሰባው አምጥተን ምን እናድርግ እንበል። አቅማችን ካልፈቀደ ደግሞ ጎረቤታችንን እንጠይቅ።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለኝ። እናንተ የምታውቁን በአብዛኛው በፎቶ ነው። አይታችሁ አላለፋችሁንምና እናመሰግናለን። ስትመጡ ደግሞ ቡናችንን ቀምሳችሁ ሂዱ።

እኔ በማግሥቱ ጎረቤቴ ቤት ሄድኩ። ስልኬን ቤት ትቼ ነው የሄድኩት። ልጁ ተሽሎት ነበር። እሷም ስለ ልጇ ሕመም እንደገና ከመጀመሪያው ነገረችኝ፤ እስከ መጨረሻው ሰማኋት።